ቀዩ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም

የቻይናዋ የጂንግደዠን ከተማ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ማኦሊን፣ አንድ ቀለም ብቻ ያላቸውን ጥንታዊ የፖርሴሊን ሸክላ ዕቃዎች ይሰበስባል። ሥዕል ያለበትን ዞር ብሎም አያየውም፤ «ሥዕል ጉድፍ መሸፈኛ ነው» ባይ ነው። ከሁሉም የሚሳሳለት አንገተ ረጅሙ የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ። ስም አውጥቶለት «ቀዩ» ይለዋል። ሚስቱ ቹንዬ ግን በእሱ አፍ ስም የላትም፤ «አንቺ» ነች።

ሰብሳቢዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ ፖርሴሊን ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ ሌላው ያነሣል። አለዚያ ቢሰበር የማን እጅ እንደ ጣለው በምን ይታወቃል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ማኦሊን ይህንን ሕግ ለቤቱ ሁሉ አደረገው። ቹንዬ ሻዩን ታኖራለች፣ እሱ ያነሣል። ሩዙም፣ ካልሲውም እንደዚያው። ከተጋቡ ወዲህ ከእጇ አንድ ነገር ተቀብሎ አያውቅም። ሴትዮዋን ይህ ያንገበግባት ነበር፤ ግን ማን ሊሰማት?

አንድ ጠዋት ማኦሊን ቀዩን በመስኮቱ ብርሃን ሊያየው መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያ ሥር ካለው መደርደሪያ አነሣው። ወርዶ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ሲደርስ የቀርከሃው መርገጫ ተሰበረና እግሩ እስከ ጭኑ ተሰነቀረ። በድንጋጤ ቀዩን በሁለት እጁ አቀፈው። እግሩን ለማላቀቅ ደግሞ እጅ ያስፈልገዋል።

«አምጣ፣ ልቀበልህ» አለች ቹንዬ እጇን ዘርግታ።

«አብደሻል? ጠረጴዛ አምጪ!»

ቹንዬ ጠረጴዛውን ብታቀርብለትም አልደረሰለትም። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታቸው ታንግ የራሱን ታጣፊ የማጆንግ መጫወቻ ጠረጴዛ አምጥቶ ደረበበት። አሁንም አልደረሰም።

«ወንድሜ፣ ስጣትና እንገላገል! ሾርባዬ እሳት ላይ ነው» አለ ታንግ።

«ሕግ ሕግ ነው።»

«ተሰቅለህም?»

«ተሰቅዬም!»

ቹንዬ ጫማዋን አወለቀች። ከተደረቡት ጠረጴዛዎች ላይ ወጥታ ቁጭ አለች፣ ሽርጧን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«በል፣ ጠረጴዛ ነኝ። አኑር።»

ማኦሊን ግራ ገብቶት ታንግን አየው። ታንግ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እጇ እስካልታየ ድረስ ጠረጴዛ ናት» ሲል ፈረደ።

ቀዩ ጭኗ ላይ አረፈ። ማኦሊን እግሩን አላቅቆ እያነከሰ ወረደ። ቹንዬ ቀዩን በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያምራል፣ አንተ!» አለች። ቀናችበትም።

«እንዳትነቃነቂ! አሁን አነሣዋለሁ።»

እጆቹን ሲዘረጋ የማጆንግ ጠረጴዛው አንድ እግር እጥፍ አለ። ቹንዬ ወዲህ፣ ቀዩ ወዲያ ተንሸራተቱ። የማኦሊን እጆች ባለቤታቸውን አላማከሩም፤ ቹንዬን ያዙ። ቀዩ ወለሉ ላይ ደቀቀ።

«ታዲያ... የማን እጅ ጣለው እንበል?» አለ ታንግ፣ ጠረጴዛው የእሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ወደ በሩ እያፈገፈገ።

«የማንም። ጠረጴዛው ነው» አለ ማኦሊን። የሚስቱን እጅ ገና አልለቀቀም።

ምሳ ሰዓት ላይ ስብርባሪውን እያየ አለቀሰ። ቹንዬ የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ ልታኖር ጎንበስ አለች።

«ስጪኝ፣ ቹንዬ» አለ እጁን ዘርግቶ።

ሳህኑን አጥብቃ እንደያዘች ቆመች።

«ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

ለቀቀችለት።