የኦድቫር ፈቃድ

ኃይለመስቀል መሬት እንደሌለው የገባው ጠመንጃውን ከገዛ በኋላ ነው። በኖርዌይ ጫካ ማንም እንዳሻው ይሄዳል፤ እንጆሪም ሆነ እንጉዳይ ቢለቅም የሚከለክለው የለም። አውሬው ግን የባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ ካልፈቀደለት በቀር ፈተናውን ያለፈ አዳኝም ቢሆን ጠመንጃውን ታቅፎ ቤቱ ይቀመጣል።

ኃይለመስቀል የሚኖረው ኦስሎ ውስጥ የባቡሩ መስመር በሚያበቃበት ሰፈር፣ ቬስትሊ፣ ከባለቤቱ ከፀሐይና ከልጃቸው ከሐና ጋር ነው። አመሩድ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን ሽማግሌዎች ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል። አገር ቤት፣ ሊሙ ውስጥ ሲያድግ አባቱ ምንሽራቸውን ይዘው ከርከሮና ጃርትን ከበቆሎው ሲመልሱ አብሯቸው ያመሽ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባው ጫካ ይዞት ሄደና፣ ትንፋሽን ውጦ አውሬ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ትዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላምረው አለ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት መጀመሪያ ላይ የአዳኝነት ፈተናውን አለፈ።

ፀሐይ አልወደደችለትም። ሕጉ ጠመንጃ በብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ስለሚል፣ ቁም ሣጥኑ መኝታ ቤታቸው ገባ።

«እኔ እኮ ከጠመንጃ ነው ሸሽቼ የመጣሁት» አለችው። «አንተ ደግሞ ራስጌዬ ድረስ አመጣህልኝ።»

ሐምሌን ሙሉ ስልክ ሲደውል ከረመ። ከኦስሎ ወጣ ብለው የሚኖሩት ገበሬዎች መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለዘመድ ሰጥተነዋል፣ ለማኅበር አከራይተነዋል፣ ዘንድሮ አናስገባም። አንዱማ አነጋገሩን ሰምቶ «ፖላንዳዊ ነህ?» አለውና፣ አይደለሁም ሲለው ጆሮው ላይ ዘጋበት።

በመጨረሻ ሐና እንድትደውልለት ለመናት። ሐና እዚያው ኦስሎ የተወለደች ናት፤ በስልክ ለሰማት ከማንም ኖርዌጂያን አትለይም። የደወለችለት ገበሬ እየሳቀ «እሺ፣ እሺ፣ ኑ!» አላት። አባትና ልጅ በመኪና ሄዱ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሁለቱንም አያቸው፤ ከዚያም ወደ መሬት አቀረቀረ። «አዝናለሁ፣ ጠዋት ጎረቤቴ ወሰደው» አላቸው። ሲመለሱ ሐና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አባባ፣ ሁለተኛ እንዳትለምነኝ» አለችው። እሱም አልለመናትም።

ኦድቫርን ያገኛቸው በነሐሴ ማብቂያ በር አንኳኩቶ ነው። ኦድቫር ሰማንያን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከብቶቻቸውን ሸጠው ከባዶ በረት ጋር የቀሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው የሚኖረው ከተማ ነው። ኖርዌጂያንኛ አንቱታ ባይኖረውም ኃይለመስቀል በልቡ አንቱ ነበር የሚላቸው። ግሬቭሊንግ የሚባለው፣ ፊቱ በነጭና በጥቁር የተሸነተረ ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ፣ የበረታቸውን መሠረት ከሥር ቦርቡሮባቸዋል።

«ያን ሰይጣን ግደልልኝ እንጂ መሬቱ ያንተው ነው» አሉት። «ባሻህ ቀን ና። ማስፈቀድ የለብህም።»

ኃይለመስቀል እጃቸውን ጨብጦ መልቀቅ አቃተው። ቡና ካልጠጣህ ብለው ወደ ወጥ ቤት አስገቡት። አውሬው ውሻቸውን እንዴት እንደነከሰባቸው አጫወቱት። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ በዚያው ቃል፣ እዚያው ቦታ ላይ እየሳቁ። ከየት አገር እንደመጣ ደጋግመው ጠየቁት። የወተቱን ካርቶን ምድጃው ውስጥ ሲያስቀምጡ ኃይለመስቀል አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ያየዋል፤ እንጀራው ነው። ግን ያ ሁሉ በር ተዘግቶበት አንድ ቢከፈትለት፣ የከፈተለትን ሰው መመርመር አልፈለገም። ሰው ሲያረጅ ይረሳል፣ ብሎ ራሱን አባበለ።

ማታ ለፀሐይ ሲነግራት «ይበላል?» አለችው።

«አይበላም።»

«ታዲያ ለማይበሉት ነገር ነፍስ ማጥፋት ምን ይባላል?»

«ቤት የሚያፈርስ አውሬ ነው።»

«ቤቱ ያንተ ነው?»



መስከረም ላይ ጥቂት ቅዳሜዎች ሄደ። አውሬው ጠረኑ ደርሶት እንደሆነ እንጃ፣ አንድም ቀን ብቅ አላለም። ለኃይለመስቀል ግን እዚያ መቀመጡ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ትከሻው ላይ የተከመረው ሁሉ ይራገፍለታል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ከበረቱ ጀርባ ተኝቶ ጉድጓዱን ሲጠብቅ የመኪና ድምፅ ሰማ። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ ሴት አይታው፣ ጥቁር ሰው ጠመንጃ ይዞ የሽማግሌ ጓሮ ተደብቋል ብላ ለፖሊስ ደውላ ኖሯል፤ ከመኪናው ፖሊሶች ወረዱ።

«መሣሪያህን አስቀምጥ! ተንበርከክ!»

ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አኑሮ ተንበረከከ፤ እጆቹን አናቱ ላይ አደረገ። የሣሩ እርጥበት በሱሪው ዘልቆ ጉልበቱን ሲያቀዘቅዘው ተሰማው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቱ ፈቅደውልኛል። እዚያ ቤት ናቸው፣ ጠይቋቸው» አለ።

ኦድቫር በቤት ጫማቸው በረንዳው ላይ ወጡ። አንዷ ፖሊስ፣ «ይህን ሰው ያውቁታል?» አለቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ናይ፣ አላውቀውም» አሉ።

«እኔ እኮ ነኝ፣ ኃይለመስቀል! ግሬቭሊንጉን ግደልልኝ ብለውኝ…»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ሸሽተው የበሩን እጀታ ያዙ። «ለማንም አልፈቀድኩም። ምንድን ነው የሚፈልገው? ውሰዱልኝ!»

አላውቀውም ማለታቸውን በቻለው፤ መፍራታቸው ግን አንጀቱን በጠሰው።

ፖሊሶቹ ጠመንጃውን ወሰዱ፣ ቃሉንም ተቀብለው ለቀቁት። ያለ ፈቃድ በሰው መሬት አድነሃል ተብሎ ሊከሰስ ነው፤ ክስ ካለ ደግሞ በሥራውም ይመጡበታል። ሐና በንዴት ጦፈች።

«ሰውዬው ውሸታም ነው! ጠበቃ እንያዝ!»

«አልዋሹም» አላት።

ፀሐይ ትኩር ብላ አየችው። «አንተ፣ ምን የምታውቀው ነገር አለ?» ነገራት፤ ምድጃውን፣ ወተቱን፣ ሁሉንም። ብዙ አልወቀሰችውም። «ለልጃቸው ንገረው» አለችው። «ፖሊስ ከሚነግረው አንተ ብትነግረው ይሻላል።»

የኦድቫር ልጅ ሩኔ መሃል ኦስሎ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ካፌ ተገናኙ።

«አባትህ ረስተውኝ ነው እንጂ አልዋሹም» አለው ኃይለመስቀል። «ታመዋል። ብቻቸውን ናቸው፣ እሳት አለ፣ መኪና ይነዳሉ። ሐኪም ይያቸው።»

ሩኔ ስኒውን ሲያሽከረክር ቆየ። እሱም ጠርጥሮ ነበር፤ ማመኑን ፈርቶ እንጂ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። ነገረው።

«መቼ ነው ታዲያ ያወቅከው?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«የመጀመሪያው ቀን አውቀህ እስካሁን ዝም አልክ። ፈቃዱ እንዳይቀርብህ።»

ኃይለመስቀል አልተከራከረም። «ፈቃዱ እንዳይቀርብኝ» አለ።

ሩኔ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱን ሐኪም ዘንድ ወሰደ፤ ለፖሊስም ሁኔታውን አስረዳ። ጉዳዩ ተዘጋ፣ ጠመንጃውም ተመለሰ። መሬቱን በተመለከተ ግን «ዳግመኛ እዚያ ባትመጣ እመርጣለሁ» አለው። ኦድቫር የገና በዓል ሲቃረብ መጦሪያ ገቡ። ኃይለመስቀል ጠመንጃውን ከነቁም ሣጥኑ ሸጠው። ፀሐይ ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳ ፊትህ ይፈታ ነበር» አለችው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሩኔ ደወለ። ኃይለመስቀል ምን ሊለኝ ይሆን እያለ ስልኩን አነሳ።

«አባቴ ዛሬ ማን ነህ አለኝ» አለ ሩኔ። «ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ምን ልበለው?»

«አትከራከራቸው። ስምህን ንገራቸውና አጠገባቸው ተቀመጥ።»

«ቢፈራኝስ?»

«ቢፈሩህ ትንሽ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ግን ጥለሃቸው አትሂድ።»

ወዲያ ማዶ ሩኔ ሲያለቅስ ተሰማው። ኃይለመስቀልም ምንም ሳይናገር፣ ስልኩንም ሳይዘጋ ጠበቀው።