ወንድሜ ግንባሩን ያስወጋባቸው ዓመታት

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ አምስት ወር ሆነው። ስለ እሱ ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ ግን በግንባሩ ልጀምር። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ይሁን። እናታችን ከአንድ ዓመት በላይ የተቀየመችው በዚያ ግንባር ምክንያት ነው። እኔም እውነቱን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ጋሼ ነበር የምለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። መሃል ከተማ ውስጥ የወንድ ሙሉ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ አብዛኛው ደንበኛው ሙሽራና ሚዜ ነው። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ አብሬው መሥራት ጀመርኩ። በሁለቱ ቅንድቦቹ መካከል ሁለት ጥልቅ መስመሮች ነበሩት። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የወጡ ናቸው። ሳይቆጣ የተቆጣ ይመስላል። ሙሽራው ልብስ ሲለካ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ጋሼን ነው።

“አልሆነኝም እንዴ?” ይላል ሙሽራው።

“ኧረ ልክክ ብሏል!”

“ታዲያ ምነው ፊትህን ቋጠርክ?”

ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋና ወደ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። የሚያሳክከው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ወንበር ላይ አስቀመጠችውና “ቋጥር” አለችው። ቋጠረ። “አሁን ቅንድብህን ወደ ላይ።” አነሳ። ግንባሩ ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ ነጥብ አደረገችበት። “የእናንተ የወንዶቹ ጡንቻ ወፍራም ነው፤ መጠኑ ከሴቶቹ ከፍ ይላል” አለችው። ከዚያ ቅንድብ የሚቋጥረውን ጡንቻ ለጥቂት ወር የሚያሰንፍ መድኃኒት ነው ብላ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በቀጭን መርፌ ወጋቻቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስትጨርስ “ቦታውን እንዳታሸው፣ ለጥቂት ሰዓት እንዳትተኛ፣ ዛሬ ኳስ የለም” ብላ ሸኘችን።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ።

“ይህን ለማንም እንዳትናገር። ለእማም ቢሆን።”

“ምን ነውር አለው?”

“እንደ ሴት ይኳኳላል ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ የሚዘምሩት መዘምራንም መሳቂያ ያደርጉኛል። ማልልኝ!”

“አማኝ ይምላል እንዴ?” ብዬ ቀለድኩበት።

“እሺ፣ ቃል ግባልኝ።”

ቃል ገባሁ።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ምንም አልታየም። ተታለልኩ ብሎ ተናደደ፤ ሲናደድም ቋጠረ። በአምስተኛው ቀን አካባቢ መቋጠር እያቃተው መጣ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግንባሩ ሜዳ ሆነ። የግራ ቅንድቡ ብቻ ከቀኙ ከፍ ብሎ ስለነበር ተመልሶ ሄደና አስተካከለችለት። ሦስት ወር ያህል ቆየ። በአራተኛው መስመሮቹ ተመለሱ፤ እሱም ተመልሶ ሄደ። እንዲህ እያለ ወደ አራት ዓመት ቀጠለ።

በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት አራት ወሩ ይሄድ ነበር። በኋላ ጡንቻው ሥራ እየፈታ ደከመ መሰለኝ፣ አምስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ይቆይለት ጀመር። ሐኪሟም መጠኑን ቀነሰችለት። ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ይታዩ የነበሩት ሁለቱ መስመሮች ደበዘዙ፤ ጨርሰው ግን አልጠፉም። ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ፣ አንገቱ፣ ፀሐይ የመታው ጉንጩ እንደማንኛውም ሰው ማርጀቱን ቀጠለ። ወጣት አልሆነም። ያልተቆጣ ሰው ሆነ፣ በቃ። አንድ ጊዜ “ግንባሬን በሙሉ አድርጊልኝ” ብሎ ለመናት፤ እሷም ባትፈልግም አደረገችለት። ቅንድቡ ከብዶት ወረደ። ከወር በላይ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መሰለ። መድኃኒቱ እስኪለቀው ከመጠበቅ ሌላ መፍትሔ አልነበረውም።

“ቢያቆምስ?” ብዬ እሱ ባለበት ጠይቄያታለሁ።

“ካቆመ የድሮ ፊቱ ይመለሳል። ከድሮው አይብስም” አለችኝ። “ሰው ግን የድሮ ፊቱን ስለሚረሳው የባሰበት ይመስለዋል።”

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ አባታችን በድንገት ሞተ። ጋሼ ከተወጋ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። ማለትም፣ መድኃኒቱ በደንብ የሚይዝበት ሰሞን ነበር።

አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። የእናቴ እህት ከቱላ መጣች። ጋሼ ሦስቱንም ቀን ሰው ሲቀበል፣ ወንበር ሲያስመጣ፣ ፓስተሩን ሲሸኝ ዋለ። ጢሙን አልተላጨም። ግንባሩ ላይ ግን አንዲት መስመር አልነበረችም። ሰው አቅፎት ሲያለቅስ እሱ በዚያ ለስላሳ ፊት ጀርባውን መታ መታ ያደርግለታል። እንባም አላየሁበትም። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በሁለተኛው ቀን አክስቴ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ያልሰማ እንዳይቀር ብላ ይመስለኛል፣ በአማርኛም ደገመችው።

“ጢሙ አዝኗል። ግንባሩ ግን ገና ሰርግ ቤት ነው።”

እናቴ ቀና ብላ ወደ ጋሼ አየች። ብዙ አየችው።

ተነስቼ ሄድኩ። ጋሼን ከድንኳኑ ጀርባ ጀሪካን ሲሞላ አገኘሁት።

“ጋሼ፣ ልንገራት።”

“በአባታችን ለቅሶ ላይ ስለ ውበት መርፌ ልታወራ?” አለኝ። “ልበ ደረቅ ይበሉኝ። እሱ ይሻላል።” ጀሪካኑን ዘጋና ቆመ። “ፊቴ እምቢ ሲለኝ እንባዬም መንገዱ የጠፋው መሰለኝ” አለ። ከዚያ ውሃውን ተሸክሞ ገባ።

ከዚያ በኋላ እናቴ አልተጣላችውም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች። ግን ድሮ ከሥራ ሲገባ “መጣህልኝ?” ነበር የምትለው። ያ ቀረ። እሱም ገብቶታል። ምሳውን ሱቅ መብላት አበዛ።

ዓመት ሳይሞላ ጉበቱን ታመመ። መርፌው በዚያው ቀረ። ሆስፒታል የተኛ ጊዜ መስመሮቹ ተመልሰው ነበር፤ ሐኪሟ እንዳለችው፣ እንደ ድሮው። ሕመሙ ሲነሳበት ግንባሩን ክፉኛ ይቋጥራል። እናቴ ከአልጋው አጠገብ አትጠፋም፤ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ የምትጠርግለት እሷ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ለራሱ ሲሆን መቋጠር ያውቃል” አለችኝ።

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። በቁጣ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ገባሁና “ጋሼ፣ ከቃሌ ፍታኝ” አልኩት። የምን ቃል ብሎ አልጠየቀኝም። “ከዚህ ስወጣ ራሴ እነግራታለሁ” አለኝ። አልወጣም።

ከቀብሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስታችን ሳሎን ተቀምጠናል። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ያኔ ሳልፈልግም ይመጣብኝ ነበር።

“አልቅስ፣ ይውጣልህ” አለችኝ። “ያ ምስኪን ለአባቱ እንኳ ሳያለቅስ ሄደ።”

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

“መርፌ ይወጋ ነበር” አልኩ። “ግንባሩን። መስመሩ እንዲጠፋለት።”

“ወንድ ልጅ?” አለች አክስቴ። “ለግንባሩ?”

“ወደ አራት ዓመት ያህል። አባዬ የሞተ ጊዜ መቋጠር ቢፈልግም አይችልም ነበር።”

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትሳቅ ትፈር አላወቅኩም። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው።

“ያማል?” አለችኝ።

“እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው ብሎኛል።”

“እንባ ይከለክላል?”

እዚህ ላይ አዎ ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። አሰብኩም።

“አይከለክልም” አልኩ።

“አለቀሰ?”

“እኔ አላየሁም፣ እማ። ግን ፊቴ እምቢ ሲለኝ እንባዬም መንገዱ ጠፋው ብሎኛል። ውሃ እየቀዳ።”

 አክስቴ አንድ ነገር ልትል ስትል እናቴ በእጇ አስቆመቻት።

“ያኔ ብትነግሩኝ እቆጣው ነበር” አለች። “ምን ነካህ፣ አበድክ ወይ እለው ነበር። አንድ ሳምንት ተቆጥቼ እረሳው ነበር። ይኼኛውን ግን ይዤው ከረምኩ። እሱ ታሞ እንኳ ቅያሜዬን አልተውኩም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አንተስ ለምን ዝም አልክ?”

“ቃል ገብቼለት።”

“እናት ልጇን እየተቀየመች የሚጠበቅ ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው?”

 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ራሷ ትናገራለች። “ልጄ ልበ ደረቅ አልነበረም፤ ግንባሩን መርፌ ተወግቶ ነው” ትላለች። አንዳንዱ ደንግጦ ያያታል። መዘምራኑ ሲመጡም ነገረቻቸው። አንዱ ሊይዘው ሞክሮ ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ይፈራው የነበረው ሳቅ ያ ነው። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እናቴም አብራ ሳቀች፣ ትንሽ ቆይታ አለቀሰች። አክስቴም ቱላ ገበያ ላይ አውርታዋለች፤ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

ሱቁን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ወንዶች ይመጡና ኮት እየለኩ፣ ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ መርፌው ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ሐኪም እንጂ ውበት ሳሎን እንዳይሄዱ፣ ውጤቱን ለማየት ሁለት ሳምንት እንዲታገሡ፣ በየጥቂት ወሩ መመላለስ እንዳለባቸው፣ ዕድሜን እንደማያስቆም። ባለፈው ሳምንት የመጣው አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ሁሉንም ሰምቶ ሲጨርስ “ሌላስ የምትለኝ አለ?” አለኝ።

“እናትዎ በሕይወት አሉ?”

“አሉ። ምነው?”

“ከመወጋትዎ በፊት ይንገሯቸው።”

“እሳቸውማ ይስቁብኛል!”

“ይሳቁብዎት” አልኩት።