በእድር ቤት የተሰቀለ ባሕር

ከአሰብ በሚነሣ የጭነት መርከብ ላይ ስድስት ዓመት ምግብ አብስያለሁ። ሞምባሳና ዛንዚባር ስንደርስ ባልደረቦቼ ሽቶና ሰዓት ፍለጋ ሲራወጡ እኔ ሥዕል እገዛ ነበር፤ ዘንባባ፣ ሸራ የወጠረ ጀልባ፣ አረንጓዴ በቀቀን፣ ኮኮናት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው። ለምን እንደምገዛ ግን ለራሴም አይገባኝም። ሥራውን ትቼ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንዲት ክፍል ስከራይ፣ አሥራ ሰባቱም ሥዕሎች ሣጥን ውስጥ ቀሩ።

አንድ ጊዜ ወባ ተነሥቶብኝ ተኝቼ ሳለሁ የእድራችን ዳኛ ሊጠይቁኝ መጡ። ሣጥኑ ክፍት ነበርና አንዱን ሥዕል አንሥተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ባሕር ነው።»

«እና ለብቻህ ነው የምታየው?»

ሲሻለኝ ሥዕሎቹ በእድሩ ቤት ተሰቅለው ሰው ይያቸው ብለው ለስብሰባ አቀረቡ። እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱ አንድ አባል ተቆጡ፤ «እድር ለቀብር ነው ወይስ ለሥዕል?»

ዳኛው «እስከ መቼ ሰው ሲሞት ብቻ እንገናኛለን?» አሏቸው።

በእድሩ ቤት ድንኳኑንና ድስቱን ወደ ጥግ ገፍተን ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ምን አለሽ ተራ ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ከዘይት ጣሳ ክፈፍ ሠራልኝ።

እሑድ ከሰዓት በሩ ሲከፈት አንዲት አሮጊት ቀድመው ገቡ። ሥዕል ሲባል የቤተ ክርስቲያን መስሏቸው አማትበው ሊሳለሙ ጠጋ ቢሉ፣ በቀቀን ፊት ለፊት አፍጥጦባቸዋል።

«ይሄ ደግሞ የየትኛው ጻድቅ ነው?»

«ወፍ ነው እማማ» ብላቸው ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ጤፍ ነጋዴውም መጡ። ኮኮናት የሚወጣውን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ «መውጣቱንስ ወጣ፤ እንዴት ነው የሚወርደው?» አሉኝ። የቤቱን ምሰሶ አቅፌ በእግሬ እየቆነጠጥኩ አሳየኋቸው። ጋቢያቸውን ለሰው ሰጥተው እሳቸውም ሞከሩት።

ከወሎ የመጡ፣ ፈትል የሚሸጡ ጎረቤታችን ግን ከጀልባው ሥዕል ፊት ንቅንቅ አላሉም።

«ልጄ ምጽዋ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው» አሉኝ። «ባሕር ሲሉኝ እንደኛው ሐይቅ ይመስለኝ ነበር። የዚህ ማዶው የታለ?»

«ማዶው አይታይም እትዬ።»

ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው ውሃውን እስከ ጠርዙ በጣታቸው ተከተሉት። በመናገሬ ተጸጸትኩ።

«ታዲያ አገሩ በየት በኩል እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ስለ ኮምፓስ ነገርኳቸው፤ ስለ ከዋክብትም። የት እንደሚተኛ፣ ማዕበል ሲመጣ ምን እንደሚይዝ፣ ውሃው ጨው ከሆነ ምን እንደሚጠጣ እያከታተሉ ጠየቁኝ። በስድስቱ ዓመት ስላየሁት ነገር እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ሳልጠየቅ የቀረሁትን ሁሉ አወራሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ሥዕሉን እንዲወስዱት ለመንኳቸው።

«የለም፤ ቤት ካስገባሁት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልፈራ ነው። እዚሁ ይሁን፤ ሰው ባለበት አየዋለሁ።»

ለአንድ እሑድ ብለን የሰቀልናቸውን ሥዕሎች ማንም አውርዱ አላለንም። ጎረቤታችንም ልጃቸው ከምጽዋ ለእረፍት ሲመጣ እጁን ይዘው አመጡት። ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ ነው። ጀልባውን ትንሽ አየና ፈገግ አለ።

«እማ፣ ባንዲራው ወዲያ እየተውለበለበ ሸራው እኮ ወደ ነፋሱ ነው የተነፋው። እንዲህ ሆኖ አይሄድም።»

«አየህ!» አሉ እናቱ ወደኔ ዞረው፤ ፊታቸው በርቷል። «ልጄ ያውቃል!» ከዚያም እየጎተቱ ወደሚቀጥለው ሥዕል ወሰዱት፤ «እሺ፣ ይሄኛውስ?»