ሽብሽቡ ጠርዝ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አጎቴ ደባርቅ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ሸማኔ ነበሩ።

በወጣትነታቸው ዳባት አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ የጥንት ሥዕል አዩ። በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የተከናነበችው ነጠላ ጠርዙ እንደ ሞገድ የተሸበሸበ ነበር። ያንን ነጠላ ያለ መርፌ፣ በሽመና ብቻ መልሰው ለመሥራት ዕድሜያቸውን ሰጡ። መሐሉን ጠብቆ በተከረረ ክር፣ ጠርዙን በላላ ክር ይሸምናሉ፤ ውሃ ሲነካው መሐሉ ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ይሸበሸባል።

ክሩን የሚፈትሉላቸው ባለቤታቸው እትዬ ነበሩ። አጎቴ ከውሃ የወጣውን ነጠላ ሁሉ አይተው፣ እንደ ሥዕሉ አልሆነም ብለው እትዬ ፊት ይቀድዱትና ለዕቃ መጥረጊያ ይሰጧቸዋል።

“ይህ ክር ነው የበግ አንጀት?”

“ዓይኔ እኮ ደከመ፣ አንቱ።”

“እንግዲያ በጣትሽ እዪ።”

እግራቸውን የሚያስገቡበት የሽመና ጉድጓድ አሁን ባዶ ነው። ለቀስተኛ እንዳይወድቅበት ሳንቃ ጣልንበት።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለልቅሶ መጥተው ነበርና ስለ ሥዕሉ ጠየቅኋቸው።

“ሽብሽቡማ ሠዓሊው የሣለው አይደለም” አሉ። “ድሮ ጣሪያው አፍስሶ ቀለሙ ወርዶ ነው። ለእሳቸውም ነግሬያቸው ነበር።”

እትዬ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። “መቼ ነገሯቸው፣ አባ?”

“ዓምና፣ በሁዳዴ።”

አጎቴ እትዬን “ክሩን ከዚህም አቅጥኚው” ያሏቸው በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው።