አባቴን ያስቀደመችው ጋሪ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ሮቤ ውስጥ በጣም የምወደው ቦታ ከግቢያችን ዳር ያለው የቆርቆሮ ወርክሾፕ ነበር። እዚያ መምህርታችን ያለ ነጂ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ ይሠሩ ነበር። በራሳቸው በሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ላይ ሲመራመሩ ብዙ ዓመት ኖረዋል። አዲስ አበባ ሳሉ የሠሩት ክፍል ውስጥ ብቻ የሚዞር ነበር፤ ወደ ባሌ የመጡት ማዳበሪያ ከመንገድ እስከ ስንዴ ማሳ የምታደርስ ጋሪ ሊሠሩ ነው። የእኔ ሥራ ብሎን ማጥበቅና ባትሪ መሙላት ነበር። ቢሆንም ራሴን ከተመራማሪዎች እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወርክሾፑን ለዕቃ ማከማቻ ፈለጉት።

«ጋሪዋ ጭነት ይዛ፣ ሰው ሳይነካት ቤተ መጻሕፍቱ ከደረሰች ወርክሾፑ ይቆይላችሁ። ካልደረሰች ቁልፉን ታስረክባላችሁ» አሉ።

በፈተናው ቀን አንድ ከረጢት አሸዋ ጫንባት። ጥሩ ተነሣች። መንገዱን ስታጋምስ ግን ከጎሮ ሊጠይቁኝ የመጡት አባቴ ፊቷ ብቅ አሉ። ሰው ካየች እንድትቆም አድርገን ስለሠራናት ቆመች። አባቴም ቆሙ። በእኛ አገር ጭነት የያዘ ይቀድማል።

«ዳብሪ! እለፊ!» አሏት በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በከዘራቸው መንገዱን እያሳዩ።

ጋሪዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ወላሂ አልቀድምሽም! ሸክም ይዘሻል።»

ፈተናውን ሊያይ የተሰበሰበው ተማሪ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቁልፉ ታየኝ። «አባዬ፣ ዝም ብለው ይለፉ!» ብዬ ጮህኩ።

«ከተማ ገባህና ሸክም የያዘ ማሳለፍ ረሳህ?»

«ተበላሸች እንዴ?» አሉ ኃላፊው።

መምህርታችን ሳቃቸውን እየዋጡ «የለም፣ ሁለቱም ጨዋ ሆነው ነው» አሉ።

ኃላፊው፣ ሽማግሌ ቆመው እያዩ፣ ሰላም ሳይሉ መቅረት አልሆነላቸውም። ሄደው የአባቴን እጅ ያዙ። «አካም ጅርቱ? ከብቱ ደህና? ስንዴውስ?» አባቴም የእሳቸውን ቤተሰብ በተራቸው እየጠየቁ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀስ በቀስ ወደ ሣሩ ወጡ። መንገዱ ሲለቀቅላት ጋሪዋ ተንቀሳቀሰች። ሰላምታው ሳያልቅ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ደረሰች።

ኃላፊው ዞር ብለው አዩዋት። «ሰው አልነካትም። ቁልፉ እናንተው ጋ ይቆይ» አሉ።

መምህርታችን ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ትከሻዬን መቱኝ። አባቴ ግን ቅር ብሏቸው ነበር።

«ያን ያህል አስቀድሜያት» አሉኝ፣ «አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ሄደች?»