የጠፈርተኛዋ አባትና የበጉ ጭንቅላት

ወሬ ከሮኬት ይፈጥናል፤ ባልዣን ገና ከሰማይ ሳትወርድ ወሬዋ መንደሯ ሻይ ቤት ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ነበር። ጠፈር ላይ ሳለች በሬዲዮ «ለአባትሽ ምን እንበልልሽ?» ቢሏት፣ «እኔ አባት የለኝም» አለች ተባለ። መላው የካዛክ ሜዳ ሰማ፤ ግመሎቹ ሳይቀሩ።

አባቷ ኦሪንባይ አላመነም። ማን ሰማ? የመንደሩ ሬዲዮ እንደሆነ ከሳል በቀር የሚያወጣው ነገር የለም። ግን ብላ ቢሆንስ? ቃሉ የራሱ ነው። ያኔ ልጅቱ የሰብል መድኃኒት የምትረጭበትን አውሮፕላን ትታ፣ ከአውራጃው ሰው ሁሉ ቀድሜ ጠፈርተኛ እሆናለሁ ብላ ስትነሳ፣ በር ላይ ቆሞ «ከሄድሽ አባት የለሽም» ያላት እሱ ነው። እሷ በሚሽከረከር ወንበር አንጀቷ እስኪገለበጥ ስትሰለጥን፣ እሱ ለጠየቀው ሁሉ «ዳቦ ቤት ተቀጥራለች» ሲል ኖረ። ይኸው አሁን ዳቦ ጋጋሪዋ ምድርን ዞራ መጣች።

መንደሩ ለባልዣን የደስታ ግብዣ ባደረገላት ዕለት፣ አባቷን እፍረቱ በሩ ሥር፣ ጫማ በተከመረበት አስቀመጠው።

«ኦሬኬ፣ ወደ ላይ ከፍ ይበሉ እንጂ!» አለ የመንደሩ ሊቀመንበር ኬንዤታይ፣ የኦሪንባይን ስም በአክብሮት አቆላምጦ።

«ተወኝ፣ እዚህ ይነፍሳል።»

«ዳቦ ጋጋሪዋን ፈርተው ነው!» ብሎ አንዱ ከጥግ ሲጮህ፣ ጣሪያው በሳቅ ሊነሳ ደረሰ።

በዚህ መሀል ኬንዤታይ የተቀቀለውን የበግ ጭንቅላት አምጥቶ የክብር እንግዳዋ ፊት አኖረው። ሳቁ ተቆረጠ። በነሱ ዘንድ አባቱ በሕይወት ያለ ሰው፣ ከሰማይ ቢወርድም፣ የበጉን ጭንቅላት አይቆርጥም፤ ቢላዋውን ካነሳች አባቷን በቁሙ ቀበረችው ማለት ነው። ኬንዤታይ በደስታ ብዛት ረስቶት ነው፤ ሲገባው ፊቱ ከበጉ ይበልጥ ገረጣ። ኦሪንባይ ዓይኑን ጫማዎቹ ላይ ተከለ። ብታነሳውም አይፈርድባትም።

ባልዣን ሳህኑን ይዛ ተነሳች። እግሯ ገና ከምድር ጋር አልተላመደም፤ እየተንገዳገደች፣ የእንግዳውን ሁሉ ጉልበት እየተሻገረች በሩ ሥር ደረሰች። አስቀመጠችና የቢላዋውን እጀታ ወደ አባቷ አዞረችው።

«አኬ» አለች፣ በልጅነቷ አባቷን እንደምትጠራው፤ «ይቁረጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዓይኑን ከጫማዎቹ አነሳ። «በሬዲዮ... አባት የለኝም ብለሻል አሉ።»

«አላልኩም። ስለ እርስዎም የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ የሙቀት መለኪያው ስንት ይላል ብቻ ነው።»