ከመርፌው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

በእንስሳት ክሊኒኩ ቡችላ የምትከትበውን ሴት ሰው ሁሉ «ቁጭ በሉ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ አልወደደችውም፣ አልተቆጣችበትምም። መርፌውን ወግታ ስትጨርስ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የእንጨት አግዳሚ ታሳየዋለች። «ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ።» አንዱ ሥራ አለብኝ ይላል፣ ሌላው መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኳት ይላል። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ምክንያቱን ግን ሳትናገር ቀርታ አታውቅም። «ቡችላው ዛሬ ይደብተዋል፤ ምግብም እምቢ ሊል ይችላል። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ቢያብጥ አትሹት፤ ሰንበት ብሎ ይጠፋል» ትላለች። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ ትቀጥላለች። «ፊቱ ካበጠ፣ ካስመለሰው፣ ከተዝለፈለፈ ግን ያ ሌላ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ከመጣ ግን ቶሎ ነው የሚመጣው።» አብዛኛው ሰው ቁጭ ብሎ ምንም ሳያይ ስለሚሄድ ሴትዮዋ ነገር የምታካብድ ይመስለዋል። ምንም ሳይሆን ለዋለ ቀን የሚያመሰግን የለም።

አንድ ጠዋት ታላቅ እህቷ መጣች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ቁጭ በሉን ያሳደገቻት ይህችው እህቷ ናት፤ ያስተማረቻት፣ የዳረቻት፣ ስታጠፋም የቆነጠጠቻት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባት ከርማ፣ አንድ ጎረቤት ቡናማ ቡችላ ሰጣት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሆነና፣ ቡችላዋ ካልበላች እሷም እህል አትቀምስም። ያን ጠዋት በራሷ ሹራብ ጠቅልላ ነበር ያመጣቻት።

መርፌው ተወጋ። ቡችላዋ አንዴ ሲጥ ብላ ዝም አለች።

«በይ ልሂድ» አለች እህቷ፣ ሹራቡን እየጠቀለለች። «ቧንቧ ሠሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

ቁጭ በሉ አፏን ከፈተች። ያችን ቃል ለፖሊስም ለአለቃዋም ተናግራ ታውቃለች። ይህቺ ሴት ግን ዕድሜዋን ሙሉ «ተነሽ፣ ብዪ፣ ተኚ» ስትላት የኖረች ናት፤ በሁለቱ መካከል ትእዛዝ ሽቅብ ወጥቶ አያውቅም።

«እሺ፣ እትዬ። በደህና ይግቡ» አለች።

ቀጣዩን ቡችላ ከትባ ባለቤቱን አግዳሚው ላይ እንዳስቀመጠች በሩ ተበረገደ። እህቷ አንድ ጫማዋ የት እንደወለቀ እንኳ አታውቅም። «ታክሲው ውስጥ አስመለሳት፤ ከዚያ ፊቷ...» ብላ ሹራቡን ገለጠች። የቡችላዋ ዓይኖች በእብጠት ተደፍነዋል፤ ድዷ ነጥቷል፤ አንገቷ አልቆም ብሏል።

ቁጭ በሉ ተቀብላ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ቡችላዋን መድኃኒት ወጋት፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረገላት። ቁጭ በሉ ጣቷን ትንሿ ደረት ላይ አሳርፋ የልቧን ምት ትከታተል ጀመር። ከኋላዋ እህቷ ግድግዳውን ተደግፋ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። «እሷን እንኳ ተዉልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቡችላዋ ውሃ ላሰች። ሐኪሙ «ሁለተኛውን ክትባት እኔ ሳላያት እንዳትወስድ» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። እህትማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ።

«ውጪ የተቀመጡትን ሰዎች አየኋቸው» አለች ታላቋ። «ሁሉንም ቁጭ በሉ ብለሻቸዋል።»

«አዎ።»

«እኔንስ?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ፣ እትዬ...»

«ባዳ ብሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

ቁጭ በሉ አንገቷን ደፋች። አፈረች። እህቷ ብዙም አልቆየች፤ ቡችላዋን አቅፋ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጠይቃት የማታውቀውን ጠየቀቻት።

«አሁንስ ልሂድ?»

«አይሂዱ» አለች ታናሿ። «ቁጭ ይበሉ።»

እህቷ ተመልሳ ቁጭ አለች።